የፍራፍሬ ብራንዲ በሶዳ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለጠየቃችሁኝ

«ወንድሜ ከፈረንሳይ ካልቫዶስ የሚባል መጠጥ ይዞልኝ መጣ። ብቻውን ከበደኝ። በድሮው አሠራር በሶዳ እንዴት ልሥራው?» (ከደሴ ፒያሳ)

ጥሩ ነገር ነው የመጣልሽ። ካልቫዶስ የኖርማንዲ የፖም ብራንዲ ነው፤ ቢያንስ 2 ዓመት በኦክ በርሜል ይቆያል። በኮካ ደባልቀሽ ጣዕሙን እንዳታጠፊው አደራ። የሚሆነው ፊዝ የሚባለው ነው፤ ከ1870ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የመጠጥ መጻሕፍት ውስጥ ያለ አሠራር። መጠጥ፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ሶዳ። አለቀ።

50 ሚሊ ሊትር ካልቫዶስ፣ 20 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ 15 ሚሊ ሊትር የስኳር ውሃ (ስኳርና ውሃ እኩል ለእኩል አሟሚ)። ሎሚው የእኛው ትንሹ ይሁን፤ ከመቁረጥሽ በፊት ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ አሸት አሸት ብታደርጊው ብዙ ጭማቂ ይሰጥሻል። ሼከር (የመጠጥ መናጫ) ከሌለሽ ክዳኑ ጥርቅም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። በረዶ ሙዪና በኃይል ናጪው፤ ዕቃው ላብ አውጥቶ እጅሽን ማደንዘዝ ሲጀምር ደርሷል። ከዚያ በረዶውን አስቀርተሽ ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ቅጂው፣ ከላይ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ሶዳ ጨምሪ። ሶዳውን ግን አብረሽ እንዳትንጪው፣ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል።

«እኔ ስሠራው ሶዳው ወዲያው ይሞታል። ምን ላድርግ?» (ከኮምቦልቻ)

ሙቀቱ ነው ወንድሜ። ጋዝ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ከሞቀ ውሃ ይሸሻል። የደሴ ሰዎችም ብርድ አለን ብላችሁ አትኩራሩ፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚያንስ ጠርሙሱ ሲከፈት ጋዙ እዚያም ቶሎ ያመልጣል። ስለዚህ ሶዳውን ከዋዜማው ፍሪጅ አስገባው፣ ትንሹን ጠርሙስ ግዛ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ክፈተው፣ ብርጭቆውን አዘንብለህ በጎኑ አፍስስ። ማማሰል አንዴ ብቻ፣ ከሥር ወደ ላይ። ብዙ ሰው መጠጡ ላይ ተጨንቆ ሶዳውን ይረሳል፤ የሚያረካው ግን እሱ ነው። አምቦ ውሃም ይሆናል፣ የራሱ የማዕድን ጣዕም እንዳለው እያወቅህ።

«የገዛሁት አፕሪኮት ብራንዲ እንዳልከው ስሠራው ሽሮፕ ሆነብኝ።»

በዚህ ስም ከሚሸጠው ብዙው ሊከር የሚባለው፣ ስኳር የገባበት መጠጥ ነው። ጀርባውን አንብቢው፤ አልኮሉ 40 በመቶ ሳይሆን ከ20 እስከ 25 በመቶ አካባቢ ከሆነና ጣቶችሽ ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ የስኳር ውሃውን ጭራሽ ተዪው፣ ሎሚውን ወደ 25 ሚሊ ሊትር ከፍ አድርጊ።

«ጓሮ ኮክ አለኝ። ራሴ አውጥቼ ብራንዲ ላድርገው?» (አንድ አባት፣ ከደሴ)

ይቅርብዎ አባቴ። ፍራፍሬ ሲብላላ ከልጣጩና ከሥጋው ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ይወጣል፤ እሱን በትክክል ለይቶ ማውጣት ዕቃም ሙያም ይጠይቃል፣ ሲሳሳቱት ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ኮኩን ከስኳር ጋር ቀቅለው ያጥሉት፤ በስኳር ውሃው ፋንታ ቢገባ ግሩም ነው።

«አንድ ጠጥቼ ወደ ኮምቦልቻ መንዳት እችላለሁ?»

አይሆንም። የሐረጎን ቁልቁለት ጠጥቶ መውረድ የለም። ደሴ እደር።

«ግማሾቹ እንግዶቼ አይጠጡም። ለእነሱስ?»

አብሽሪ፣ ይህ ከሁሉም ይቀላል። የፖም ጭማቂ በአንድ እንጨት ቀረፋ አፍልተሽ አቀዝቅዢው፤ ቀረፋው ከበርሜሉ የሚመጣውን ሽታ ትንሽ ይተካል። 120 ሚሊ ሊትሩን ከ15 ሚሊ ሊትር ሎሚ ጋር ናጪና ሶዳ ሙዪበት። ስኳር አያስፈልገውም። መናጫውም ብርጭቆውም ግን አልኮል ያልነካው፣ ለብቻው የተቀመጠ ይሁን። እንግዳ ሳይጠይቅሽ አስቀድመሽ ንገሪው፣ ልቡ ያርፋል። እንዳይምታታብሽ የእነሱ ብርጭቆ ላይ የብርቱካን ልጣጭ አድርጊ፣ የሌላውን ባዶውን ተዪው።