ጋዜጠኝነት በሁለተኛ ዲግሪ፦ ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በአንድ ኤፍኤም ጣቢያ ሪፖርተር ነኝ። ውጭ አገር ለማስተርስ ላመለክት አስቤአለሁ። ሥራዎቼ ግን ሁሉም በአማርኛ ናቸው። በእንግሊዝኛ አዲስ ጽፌ ልላክ ወይስ ያሉኝን ላስተርጉም?

ያሉዎትን ያስተርጉሙ። ለማመልከቻ ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዘገባ አርታኢ እንዳላየው፣ አድማጭም እንዳልሰማው ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ ያስታውቃል። መራጮቹ የእንግሊዝኛ ችሎታዎን በቶፍል ወይም በአይልትስ ውጤት ያያሉ፤ ከሥራዎ ውስጥ የሚፈልጉት ወጥተው ምን ይዘው እንደሚመለሱ ነው።

ብዙ አመልካች የሚሳሳተው ምርጫው ላይ ነው። አለቃ ያመሰገነበትን ዜና ይልካል፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የስብሰባ ዜና ነው። «የከተማው ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት የአቅርቦት ችግሩን ለመፍታት በትኩረት እየሠራ መሆኑን ገለጸ» ብሎ የሚጀምር ዜና ዘጋቢው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ከማዳመጥ ሌላ ምን እንደሠራ አይናገርም። በዚያው ጉዳይ ላይ «ቦኖው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠብ አላለም፤ የአገልግሎቱ የፈረቃ ሰሌዳ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ውኃ ይለቀቃል ይላል» የሚል መግቢያ ያለው አጭር ዘገባ ካለዎት እሱን ያስቀድሙ። ቦታው ድረስ መሄድዎንም፣ ሰነዱን ከመሬት ካለው ጋር ማስተያየትዎንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሳያል።

ትምህርት ቤቱ ሌላ ቁጥር ካልጠየቀ ሦስት ሥራ ይበቃል። የሬዲዮውን ድምፅ ከ5 ደቂቃ ሳያስበልጡ ይቁረጡና በሁለት ዓምድ ጽሑፍ ያዘጋጁለት፤ በግራ ደቂቃና ሰከንዱ ከአማርኛው ጋር፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። ተናጋሪው ከተንተባተበ ትርጉሙም ይንተባተብ፤ የገበሬው ቃል እንደ ዲፕሎማት መግለጫ ተቃንቶ ከመጣ አንባቢው ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራል። ከራስጌው ላይ ጣቢያውን፣ የተላለፈበትን ቀን፣ ተርጓሚውንና እርስዎ ራስዎ የሠሩትን ክፍል ይጻፉ። ቃለ መጠይቁ የእርስዎ ሆኖ ኤዲቲንጉ የሌላ ሰው ከሆነ እንደዚያው ይባል።

ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መለወጥ አይርሱ። ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የተላለፈ ዘገባ በእነሱ ኦክቶበር 15 ቀን 2024 ነው። «2017» ብለው ከተዉት መራጩ ከእውነቱ በሰባት ዓመት ያረጀ ሥራ የላኩለት ይመስለዋል፤ ጠይቆም አያጣራም።

ሊንክ ብቻ አይላኩ። የጣቢያ ድረ ገጽ ይዘጋል፣ የፌስቡክ ገጽ ይጠለፋል። ድምፁን በራስዎ ጉግል ድራይቭ፣ የድረ ገጹን ቅጂ የድረ ገጾች መዝገብ በሆነው በዌይባክ ማሽን፣ ጽሑፉን በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፤ ከጣቢያው ከመልቀቅዎ በፊት።

የድጋፍ ደብዳቤን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ክብ ማኅተም ያረፈበት «ጠባያቸው መልካም፣ ሥራቸውም አርኪ ነው» የሚል ወረቀት እዚህ ያስከብራል፤ እዚያ ግን ምንም አይነግራቸውም። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በቀጥታ ለመስካሪው ኢሜይል ሊንክ ይልካሉ። ዋና አዘጋጅዎ ኢሜይል የሚከፍቱት ከስንት አንዴ ከሆነ ቀኑ ያልፍብዎታል፤ ስለዚህ ቀድመው ይንገሯቸው፤ የትኞቹን ዘገባዎች እንዳስተካከሉልዎ፣ የቱን ደግሞ መልሰው ወደ መስክ እንደላኩብዎ የሚያስታውስ ግማሽ ገጽ ማስታወሻም ይስጧቸው። ጥሩ ደብዳቤ የሚወጣው ከዚያ ግማሽ ገጽ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። «የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ በኢትዮጵያ ወጣቶች ላይ» የሚለውን የመመረቂያ ርዕሴን አማካሪዬ ሁለት ጊዜ መለሱብኝ። ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

አማካሪዎ ልክ ናቸው። «ተጽዕኖ» ብለው ከጻፉ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ማሳየት አለብዎ፤ ለዚያ ደግሞ ሙከራ ወይም ያንኑ ሰው በተለያየ ጊዜ መላልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ቀን የተበተነ መጠይቅ የሚያሳየው ዝምድናን ብቻ ነው። ብዙ ስልክ የሚነካ ወጣት ብዙ የሚጨነቅ ቢሆን እንኳ የቱ የቱን እንዳመጣው ከመጠይቁ አይወጣም።

በአንድ ሰው አቅምና በአንድ ሴሚስተር የሚያልቅ ርዕስ ይህን ይመስላል፦ የነዳጅ ዋጋ በተጨመረ ጊዜ አዲስ ዘመን እና ሪፖርተር በዘገባቸው ማንን አናገሩ? የመንግሥት ኃላፊ፣ ነጋዴ፣ የታክሲ ሹፌር፣ ተሳፋሪ፣ ባለሙያ እያሉ ይቆጥራሉ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሚጨበጥ መልስ አለው።

የናሙናው ነገር ብዙ ተማሪ ያሰናክላል። በመማሪያ መጻሕፍት የሚመከረው የተገነባ ሳምንት የሚባለው ዘዴ ነው፤ ከዓመቱ ሰኞዎች አንዱን በዕጣ፣ ከማክሰኞዎች አንዱን በዕጣ እያሉ ሰባት ቀን መሙላት። ለዕለታዊ ጋዜጣ እንዲህ ያሉ ሁለት ሳምንታት፣ ማለትም 14 እትሞች፣ የአንድን ዓመት ጠቅላላ ይዘት በደንብ ይወክላሉ። የእርስዎ ጉዳይ ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚነሳ ስለሆነ በ14 እትም ውስጥ ሁለት የነዳጅ ዜና ላያገኙ ይችላሉ። በዚያ ላይ ሪፖርተር የሚወጣው ረቡዕና እሑድ ነው፤ የሰባት ቀን ዕጣ አይሠራበትም። ስለዚህ ዕጣውን ይተዉትና እያንዳንዱ ጭማሪ ከታወጀበት ቀን ጀምሮ ያሉትን አራት ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ይውሰዱ።

ጋዜጦቹን ወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገጽ በገጽ ማገላበጥ ይሻላል። በድረ ገጽ ፍለጋ ብቻ ከተማመኑ ፊደላችን ጉድ ያደርግዎታል፤ «ሠራተኛ» ብለው ሲፈልጉ «ሰራተኛ» ተብሎ የተጻፈው ሊቀር ይችላል። ነዳጅ ዕድለኛ ነው፤ አጻጻፉ አንድ ነው።

ከዚያ ኮዲንግ፣ ማለትም በዘገባው የተጠቀሰውን ሁሉ በየምድቡ እየመደቡ መቁጠር። መመሪያውን ቆጠራ ከመጀመርዎ በፊት ጽፈው ይጨርሱ፤ አስቸጋሪዎቹ ጉዳዮች አስቀድመው ይታወቃሉና። «ምንጮች እንደገለጹት» የሚለው ከየት ይመደባል? ሚኒስቴሩ በፌስቡክ ገጹ ያወጣው ጽሑፍ ሲጠቀስ የመንግሥት ኃላፊ ነው ወይስ ማኅበራዊ ሚዲያ? ሁለተኛ ሰው አሠልጥነው ቢያንስ 10 በመቶውን ሳይመካከሩ ለየብቻ ቁጠሩ። «90 በመቶ ተስማምተናል» ማለት አይበቃም፤ ምድቦቹ ጥቂት ሲሆኑ በአጋጣሚም ብዙ ይገጥማል። በአጋጣሚ የሚገጥመውን ቀንሶ የሁለታችሁን ስምምነት የሚለካውን የክሪፐንዶርፍ አልፋ ያስሉ። 0.80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይቀጥሉ። በ0.667 እና በ0.80 መካከል ከሆነ ድምዳሜዎን ለዘብ አድርገው ይጻፉ፤ ከዚያ በታች ከወረደ የምድቡን ትርጓሜ አስተካክለው እንደገና መቁጠር ነው። የሁለተኛውን ቆጣሪ ነገር ለመጨረሻው ሳምንት የሚያቆይ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ ጊዜ አይኖረውም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት መማር የቆየ ሕልሜ ነው። በብድር ብገባ ያዋጣኛል?

እህታችን፣ በብድር ከሆነ አንመክርዎትም። የኮሎምቢያው የሙሉ ጊዜ ማስተርስ 10 ወር ገደማ ነው፤ ከኒውዮርክ ኑሮ ጋር ሲደመር ከ100,000 ዶላር ያልፋል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል፤ በእርስዎ ዓይነት ትምህርት ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችሉት በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ነው። የቀረው ከግል ባንክ ይመጣል፤ ወለዱም ከፍ ይላል፣ ዋስ ፈራሚም ሊጠይቁ ይችላሉ። ጀማሪ ሪፖርተር የሚያገኘው ደመወዝ ደግሞ ከነርስ ያነሰ ነው።

ሰፈርዎ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ኮሌጅ አለ፤ ማስተርስም ይሰጣል። የስቴቱ ነዋሪ ስለሆኑ የሚከፍሉት ከውጭው ተማሪ ያነሰ ነው፤ ከቤትዎም አይወጡም። የዘገባ ኮርሶች ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን ቀን ላይ ስለሚሰጡ ሦስቱን የ12 ሰዓት ፈረቃዎን ወደ ቅዳሜና እሑድ መግፋት ይቻል እንደሆነ ሆስፒታልዎን አስቀድመው ይጠይቁ። የጤና ዘጋቢ ለመሆን ሙያዎ ትልቅ ስንቅ ነው፤ ነገር ግን በሥራ ላይ ያዩት የታካሚ መረጃ በሂፓ ሕግ የተጠበቀ ነውና ስሙን ቀይረውም ቢሆን ለክፍል ሥራ አያቅርቡት።

ጥያቄ፦ ለጋዜጠኝነት ማስተርስ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ ይሻላል ወይስ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ?

እንደ ዕቅድዎ ነው። ቼቭኒንግ በእንግሊዝ የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሸፍናል፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሲጨርሱ ወደ አገር ተመልሰው ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ኮርስ ሲመርጡ የእንግሊዝን የሚዲያ ሕግና የእነሱን አጭር ጽሕፈት (ሾርትሃንድ) የሚያስተምረውን፣ ለእዚያው አገር ጋዜጠኞች የታሰበውን ፕሮግራም ትተው ኢንተርናሽናል ጆርናሊዝም የሚለውን ይውሰዱ፤ የሌስተርን ፍርድ ቤት መዘገብ ለደሴ አይጠቅምም። የኢራስመሱ የጋዜጠኝነት ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ዴንማርክ ኦርሁስ፣ ሁለተኛው እንደ አምስተርዳም ወይም ፕራግ ባለ አጋር ዩኒቨርሲቲ። ስኮላርሺፑ የትምህርት ክፍያን ችሎ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። ወደ ምርምር የሚያደላ ሰው ይህን፣ ቶሎ ተምሮ ወደ ሥራው መመለስ የሚሻ ቼቭኒንግን ይመርጣል።

ለሁለቱም ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይጨርስ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አያገኝም። ከደመወዝዎ ሲቆረጥ የነበረው በትክክል ገቢ መደረጉን ከመሥሪያ ቤትዎ ፋይናንስ ደረሰኝ ይዘው ያረጋግጡ፤ ቀሪውን ከፍለው ክሊራንሱን ይዘው ወደ ሬጅስትራር ይሂዱ። ይህን ማመልከቻው በተከፈተ ሰሞን ሳይሆን ከሦስት አራት ወር በፊት ይጀምሩት።