በሁለት ዌብካም ርቀት ለመለካት ስትሞክር ሁለተኛው ካሜራ ለምን ጥቁር ብቻ ያሳያል ላልከው

ካሜራው አልተበላሸም፣ መልሰህ እንዳትሸጠው። ጥፋቱ ሁለቱንም በአንድ ዩኤስቢ ሀብ (አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ በሚያበዛ ማከፋፈያ) ላይ መሰካትህ ነው። ዩኤስቢ 2 በሰከንድ ቢበዛ 480 ሜጋቢት ነው የሚያሳልፈው፣ ያውም በወረቀት ላይ። 640 በ480 የሆነ ያልታመቀ ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ሲላክ ብቻውን ወደ 147 ሜጋቢት ይበላል። ብዙ ዌብካም ደግሞ መስመሩ ላይ ከሚፈልገው በላይ ቦታ ይይዛል። የመጀመሪያው ከያዘ ለሁለተኛው አይተርፍም።

1. ሀቡን ተወው። አንዱን በላፕቶፑ ግራ፣ ሌላውን በቀኝ ሰካ። በአንድ ጎን ያሉ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ውስጥ ለውስጥ አንድ መስመር ናቸው።

2. እምቢ ካለ፣ ኦፕንሲቪ (ምስል የምታቀነባብርበት የኮድ ላይብረሪ) ላይ የምስሉን ፎርማት ኤምጄፔግ አድርገው፤ ምስሉ ታምቆ ይመጣል።

3. አሁንም ካስቸገረ በሰከንድ 30 የሚላከውን ምስል ወደ 15 አውርደው።

በኮዱ ምስል ስታነብ መጀመሪያ የሁለቱንም ካሜራ ምስል በግራብ ትእዛዝ ያዝ፣ ከዚያ በሪትሪቭ ትእዛዝ አውጣ። አለዚያ የግራና የቀኙ ጊዜ ይለያያል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ርቀቱ ይዛባል።

አንድ ነገር ግን፣ አቦ፣ ካሜራዎቹን በፕላስተር እንዳታጣብቅ። እኔ ድሬዳዋ ከዚራ ቤቴ ጠዋት የቼዝ ሰሌዳ በታተመበት ወረቀት የሁለቱን ካሜራ አቀማመጥ ለክቼ ጨረስኩ። ከሰዓት የድሬ ሙቀት ሙጫውን አላልቶት አንዱ ካሜራ ትንሽ ዘመም ብሏል። በዓይን አይታይም። በርቀት ካርታው (የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት በሚያሳየው ምስል) ላይ ግን ግድግዳው ሁሉ ተበጣጥሷል። ግማሽ ቀን ኮዱን ስወቅስ ዋልኩ! በኋላ አናጺ ጋ ሄጄ ሁለቱንም በአንድ ጣውላ ላይ በብሎን አሳሰርኩና ልኬቱን እንደ አዲስ ሠራሁ። ወረቀቱንም መስታወት ላይ ለጥፈው፣ ከተጣጠፈ ልኬቱ ይበላሻል።