ጠብታው መቼ ይለቀኛል? የድሬዳዋና የሐረር አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ፣ ለምርመራ ብሌንን ስለሚያሰፋው የዓይን ጠብታ ናቸው። ዓይኑን ሊታይ የሄደ ሁሉ ያውቃታል። ነርሷ «ቀና ይበሉ» ትላለች፤ ጠብ ታደርጋለች፤ ያቃጥላል፤ ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ዓይንን ጨፍኖ መጠበቅ ነው። ሲወጡ የድሬ ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበልዎታል፤ የገዛ ስልክዎ ላይ ያለው ጽሑፍም አልነበብ ይላል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያችን ጠብታ ስጨምር የኖርኩ የዓይን ነርስ ነኝና ጥፋታችንን አስቀድሜ ልናዘዝ፦ ጠብ ማድረጉን እንጂ ማስረዳቱን አንወድም። ከሰልፉ ብዛት ነው እያልን ራሳችንን እናጽናናለን። ሰውም ዓይኑ ውስጥ የገባውን መድኃኒት ስም ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ሲስተር፣ ከድሬ ሐረር ሚኒባስ እነዳለሁ። ዘንድሮ ስኳር ተገኘብህ ተባልኩና ዓይንህን ታይ ብለው ሐረር ላኩኝ። ጠብታ ስለምናደርግልህ ሰው ይዘህ ና ይሉኛል። ጠዋት ታይቼ ከሰዓት ሰው ጭኜ ብመለስ ምን አለበት? ዓይኔ እንደሆነ አጥርቶ ያያል፤ ምርመራው ራሱስ ግድ ነው?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ስኳር ዓይንን የሚጎዳው ከበስተኋላ፣ ሬቲና በሚባለው የዓይን ውስጠኛ ንጣፍ ላይ ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች በኩል ነው። ጉዳቱ መሐል እስኪደርስ ድረስ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። አጥርቼ አያለሁ ማለትህ እውነት ይሆናል፤ ለጤንነትህ ግን ማስረጃ አይሆንም። አዋቂዎችን የሚይዘው ሁለተኛው ዓይነት ስኳር የተገኘበት ሰው ገና እንደተገኘበት፣ ከዚያም በየዓመቱ ዓይኑን ይታይ የሚባለው ለዚህ ነው።

ያለ ጠብታ ለምን አይታይም? ብሌን ማለት ቀዳዳ ነው። ሐኪሙ መብራት ሲያበራበት ደግሞ ጭራሽ ይጠባል። ጁገል ውስጥ ያለን የሐረሪ ቤት በበሩ ስንጥቅ አጮልቀህ ብታይ አንድ ሳህን ታይ ይሆናል። በቀይ አፈር የተቀባውን መደብ፣ ግድግዳውን የሞሉትን ሳህኖችና ስፌቶች ለማየት ግን በሩ መከፈት አለበት። ጠብታው በሩን ይከፍታል።

አሁን ወደ መሪው እንምጣ። ለአዋቂ በብዛት የሚጨመረው ትሮፒካማይድ ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ብሌኑን ያሰፋዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እንደ እኛ ባለ ጥቁር ቡናማ ዓይን ላይ ግን ቀለሙ መድኃኒቱን ይዞ ስለሚያቆየው ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ቀስ ብሎም ይለቃል። እስከ ማግስቱ የሚቆይበት ሰው አለ። የተጨመረልህ ሳይክሎፔንቶሌት ከሆነ ሙሉ ቀን ቁጠርለት። ሹፌር የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፦ ሩቁ ይታየዋል። መንገዱም አለ፣ መኪናውም አለ፣ ምን ሆንኩ ይላል። ጠብታው ግን ብሌኑን ከማስፋት ሌላ ቅርብ ለማየት የሚያገለግለውን የሌንስ ጡንቻም ያፈዘዋል፤ ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው ይደበዝዝብሃል። ደንገጎ ዳገት ላይ ስትታጠፍ ከፊትህ የሚመጣ የጭነት መኪና መስታወት ፀሐይ ቢመልስብህ፣ ብሌንህ መጥበብ ስለማይችል ለጥቂት ሰከንድ የምታየው ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ደንገጎ ላይ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። የዚያን ቀን ወንበርህ ከተሳፋሪ ጋር ነው። ጥቁር መነጽርና ኮፍያ ያዝ፤ ስትወጣም የጠብታውን ስም ጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ብሌንን ቶሎ የሚመልስ ፌንቶላሚን የተባለ ጠብታ ተፈቅዷል፤ በእሱ ተስፋ ግን ቁልፍ አታንሳ።

«የዓይን ቀጠሮዬ በረመዳን ዋለ። ባለፈው ጊዜ ጠብታው ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ መሮኛል። ጾሜን ያስፈታል?»

የመረርዎት እንባ ወደ አፍንጫ በሚወርድባት ቀጭን ቱቦ በኩል ነው። ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈስሰውም በእሷ ምክንያት ነው። ስለ ሃይማኖቱ ፈራጅ እኔ አይደለሁም፤ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የዓይን ጠብታን ጾም ከማያፈርሱት ነገሮች ቆጥሮታል፤ ጉሮሮ የደረሰው እንዳይዋጥ የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ። ጠብታው እንደገባ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫዎ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣትዎ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይጫኑ። ቱቦዋ ስለምትዘጋ ምሬቱ ይቀንሳል። ልብዎ ካልተረጋጋ የሚያምኗቸውን ሼህ ይጠይቁ።

«ሐረር ነው የምንኖረው። የአራት ዓመቱ ልጄ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይሸወራል። መነጽር ከመለካቱ በፊት አትሮፒን የሚባል ጠብታ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን እቤት አድርጊለት ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ ሰውነቱ ጋለ፣ ውኃ ውኃ ይላል። አማቴ ‹ልጁን ልታሳውሪው ነው› ብለው ጠርሙሱን ደበቁት። ካቆምነው አንድ ሳምንት አለፈው፤ ብሌኑ ግን አሁንም ትልቅ ነው። አበላሸሁት?»

አላበላሹትም እህቴ። አማትዎም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ሁለታችሁንም ላስታርቅ።

የሕፃን ዓይን የሌንስ ጡንቻ ብርቱ ነው። ቅርብ ለማየት መነጽር የሚያስፈልገው ልጅ በዚህ ጡንቻ ጉልበት ጉድለቱን ሸፍኖ ያያል፤ ዓይኑ ወደ ውስጥ የሚዞረውም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ትግል የተነሳ ነው። ጡንቻው ሳይፈታ የተለካ መነጽር የተሳሳተ መነጽር ነው። አትሮፒን ከእነዚህ ጠብታዎች ሁሉ ኃይለኛው ስለሆነ ለሸውራራ ልጆች ይታዘዛል። ውጤቱም ከ7 እስከ 14 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ የልጅዎ ብሌን ገና በቀጠሮው ውስጥ ነው። እስኪመለስ ፀሐይ ላይ ኮፍያ ያድርግ፤ መጽሐፍና ሥዕል ቢደበዝዝበት አይቆጡት።

አሁን የአማትዎን ወገን ልያዝ። አንድ በመቶ ከሆነው አትሮፒን አንዲት ጠብታ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል መድኃኒት ትይዛለች። ይህ ልቡ ለዘገመ አዋቂ በድንገተኛ ክፍል በመርፌ ከሚሰጠው መጠን ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዓይን የተረፈው በዚያችው በእንባ ቱቦ ወርዶ ደም ውስጥ ሲገባ ፊት ይቀላል፣ አፍ ይደርቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ይጠፋል። የላቡን ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ ሐረር ቀዝቀዝ ትላለች፣ ነገር ግን ልጁን በጠብታው ሰሞን ይዘውት ድሬ ቢወርዱ ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝ አቅቶት ይግላል። ልጅዎ ላይ ያዩት ምልክት ጠብታውን አቁመው ያዘዘውን ሰው ወዲያው እንዲያነጋግሩ የሚያስገድድ ነበር። ማቆሙ ልክ ነው፤ ዝም ማለቱ ነው ልክ ያልሆነው። ልጅ ከቀላ በኋላ መቀባጠር፣ የሌለ ነገር ማየት፣ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግን ጠርሙሱን ይዞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ምርመራው ስላልተፈጸመ ጠብታው እንደገና ሊታዘዝ ይችላል። ያኔ የሆነውን ሁሉ ይንገሯቸው፤ መጠኑን ይቀንሱታል ወይም ሳይክሎፔንቶሌት እዚያው ይጨምሩለታል። እቤት ከሆነ ልጁን በጀርባው አስተኝተው አንዲት ጠብታ ብቻ፤ የዓይኑን ጥግ ተጭነው፣ ጉንጩ ላይ የፈሰሰውን ጠርገው፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሳይታጠቡ የራሳቸውን ዓይን አሽተው በማግስቱ «እኔም ታመምኩ» ብለው የመጡ እናት አጋጥመውኛል። ጠርሙሱን አማትዎ የደበቁበት ቦታ ይቀመጥ። አምስት ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 50 ሚሊ ግራም አትሮፒን አለበት፤ ትንሽ ልጅ ቢጠጣው ሕይወቱን ያሰጋዋል።

«ዕድሜዬ 58 ነው። የደም ግፊት አለብኝ፣ ከምሳ በኋላም እቅማለሁ። ቀጠሮዬ ከሰዓት ነው። የሚያስፈራ ነገር አለው?»

ጋሼ፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ እዚያ ግን እንደማይናገሩ አውቃለሁ። እኛም ሳይነገረን ብዙ ጊዜ እናውቃለን፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ራሱ ብሌን ያሰፋል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ከማስፊያ ጠብታዎች አንዱ የሆነው ፌኒሌፍሪን ደግሞ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የ2.5 በመቶው ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም፤ 10 በመቶው ግን ግፊትና የልብ ሕመም ላለበት ሰው አይመከርም። ጫቱና ጠብታው ተደርበው ግፊትዎን እንዳይሰቅሉት የዚያን ዕለት አይቃሙ፤ የግፊት ክኒንዎን እንደወትሮው ይውሰዱ፤ ጠብታ ከመግባቱ በፊትም «ግፊት አለብኝ» ይበሉ። ትሮፒካማይድ ብቻውን ይበቃዎት ይሆናል። ቀጠሮውን ወደ ጠዋት ማዛወር ቢችሉ ደግሞ ለሁላችንም ይቀላል።

«እቤት የተረፈ ቀይ ክዳን ያለው ጠርሙስ አለኝ። የጎረቤቴ ዓይን ቀልቷልና ላበድራት?»

አያበድሩ። ቀይ ክዳን በብዙ አምራቾች ዘንድ ብሌን የሚያሰፋ ማለት ነው፤ ለቀላ ዓይን ተብሎ የተሠራ አይደለም። ከተከፈተ አራት ሳምንት ካለፈውም ለእርስዎም አይሆንም።

«ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። አንዲት ዘመዴ ጠብታ ተጨምሮላት በሄደች ማታ ዓይኗን ክፉኛ አሟት አስመለሳት፤ ግላኮማ ነው ተባለ። እኔም ልመረመር ነው፤ እምቢ ልበል?»

እምቢ አይበሉ፤ የሆነውን ግን ይወቁ። ዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ፈሳሽ አለ፤ የሚወጣውም ባለቀለሙ ክብ ከፊተኛው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ነው። አንዳንድ ሰው ይህ ጥግ በተፈጥሮው ጠባብ ነው፤ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች፣ እንዲሁም ቅርብ ለማየት ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ። ብሌኑ ሲሰፋ ባለቀለሙ ክፍል ታጥፎ መውጫውን ይዘጋዋል፤ የዓይን ውስጥ ግፊትም በሰዓታት ውስጥ ይሰቀላል፤ ዘመድዎን የያዛት ግላኮማ ይህ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስ ነገር ነው፤ ለዚህም ሐኪሙ ጠብታ ከመጨመሩ በፊት ጥጉን በመብራት ያየዋል። ካላየው ይጠይቁት፤ አይቆጣም፣ ቢቆጣም ይጠይቁት።

ጠብታው ከገባ በኋላ ባሉት ሰዓታት ከባድ የዓይን ሕመም፣ ቅላት፣ አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ከመጣ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። ማስመለሱ ሰውን ያሳስታል፤ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ሌሊቱን ያሳለፉ ሰዎች አይቻለሁ። በጊዜ ከተደረሰበት ግፊቱን በመድኃኒት አውርዶ ለፈሳሹ ሌላ መተላለፊያ በጨረር መክፈት ይቻላል። ሰፊ ጥግ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው ግላኮማ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ያለበት ሰው ከጠብታው አይከለከልም። የግላኮማ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይዞት ይምጣ።

«ሐረማያ አቅራቢያ አስተማሪ ነኝ። አንድ ተማሪዬ ከማሳ ሥራ በኋላ የአንድ ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ክፍል ገባ። ሕመም የለውም፤ መጻሕፍቱን ግን ማንበብ አቃተው። ጠብታም አልተጨመረለትም። ምን ሊሆን ይችላል?»

መምህር፣ ይህ የወሩ ምርጥ ጥያቄ ነው። ልጁ ሲያርም ምን ነቅሎ እንደነበር ይጠይቁት። በየማሳው ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅል፣ መለከት የመሰለ ነጭ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል አለ፤ አስተናግር እንለዋለን። ውስጡ ያለው አትሮፒንና የአትሮፒን ዘመዶች ናቸው። ቅጠሉን የጨበጠ እጅ ዓይን ካሸ፣ ልጁ ሳያውቀው የእኛን ጠብታ ለራሱ ጨምሯል ማለት ነው። ድሮ የጣልያን ሴቶች ዓይናቸው ትልቅና ውብ እንዲመስል የሌላ ተክል ጭማቂ ዓይናቸው ላይ ያንጠባጥቡ ነበር፤ ቤላዶና የሚለው የዚያ ተክል ስም ቆንጆ ሴት ማለት ነው፤ አትሮፒንም ስሙን ያገኘው ከእሱ ወገን ነው። የእርስዎ ተማሪ ውበቱን ያገኘው አረም ሲነቅል ነው።

ይሁን እንጂ አስተናግር ነው ብለው ብቻ አይተዉት። አንድ ብሌን ብቻ ሰፍቶ ራስ ምታት፣ የዓይን ሽፋን መውደቅ፣ ነገሮችን ሁለት አድርጎ ማየት ካለ፣ ወይም ልጁ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከነበረ ያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ይህ የአንጎል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ሁለቱን የሚለይበት ቀላል ብልሃትም አለው፦ ብሌን የሚያጠብ ፒሎካርፒን የተባለ ጠብታ ይጨምራል። በአትሮፒን የተያዘ ብሌን አይንቀሳቀስም፤ ሌላው ግን ይጠባል። አስተናግር ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው ዓይኑን በውኃ አጥቦ መጠበቅ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። እስከዚያ ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጠው ከሰሌዳው ያስነብቡት። ተክሉን የሚነቅሉት ሰዎችም እጃቸው ላይ ፌስታል ይጠቅልሉ፤ ፍሬውንም ለልጆች መጫወቻ እንዳይሆን ይቅበሩት።