ጂም ግርሃም ማን ነበሩ?

ሰላም። «ዲሲ የቆዩ አበሾች ጂም ግርሃም የሚባል ፖለቲከኛ እያነሱ የሚያመሰግኑት ለምንድን ነው?» ብለው ለጠየቁት፦ ሰውየው የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ከ1999 እስከ 2015 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ዋርድ አንድ የሚባለውን የምርጫ ክልል፣ ማለትም የእነ አዳምስ ሞርጋንንና የኮሎምቢያ ሃይትስን ሰፈሮች ወክለዋል። ትውልዳቸው ስኮትላንድ ነው።

እኛን በቀጥታ የሚነካው የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ነው፤ ከዋነኞቹ አራማጆቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ባለጉዳይ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች መሥሪያ ቤቱ ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ከደረሱ (ከሁለቱ ትንሹ ይያዛል) ዋና ዋና ሰነዶችም ይተረጎማሉ። አማርኛ የገባው በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ እናትዎን ይዘው የከተማ ቢሮ ሲሄዱ ከትምህርት ቤት ልጅ አስቀርተው እንዳያስተረጉሙ፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ በነፃ ነው።

ከዚያ በፊት፣ ከ1984 ጀምሮ፣ የኤድስ ሕመምተኞችን ይረዳ የነበረውን ዊትማን ዎከር ክሊኒክን መርተዋል። የኤድስ ሕመምተኛን ሰው የሚሸሽበት ዘመን ነበር። ለእኔ ከምክር ቤቱ ሥራ ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

ጻድቅ ነበሩ እያልኩ ግን አይደለም። በ2013 ምክር ቤቱ ራሱ በሥነ ምግባር ጉዳይ በይፋ ወቅሷቸዋል፤ በዓመቱም በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ተሸነፉ። በ2017፣ በ71 ዓመታቸው ዐረፉ።