ከጦር ሜዳ የተመለሰውን ወታደር በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ለምታገኙት ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በአእምሮ ሕክምና ሙያ ነው፤ ልብ ወለድ ማንበብ ግን ከሥራዬ ተለይቶ አያውቅም። ወደ ሙያው ለሚገቡ ሐኪሞችና ብዕር ለሚያነሡ ጀማሪ ደራስያን ደጋግሜ የምናገረውን አንድ ነገር ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው። ከጦርነት ስለተመለሰ ወታደር የተጻፈ አጭር ልብ ወለድ ስታነቡ ዓይናችሁን በወታደሩ ላይ ብቻ አትትከሉ፤ አብሮት ማዕድ የሚቀርበውን፣ የሚጠይቀውን ወይም ሳይጠይቅ የሚያልፈውን ሰውም ተመልከቱ። ሕመሙ የሚጠናውም የሚቀለውም በአብዛኛው በሁለቱ መካከል ነው፤ ጎበዝ ደራስያን ይህን ከእኛ ከሐኪሞቹ ቀድመው የተረዱት ይመስለኛል።

በሐኪሞች አጠራር ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ ከከባድ ሰቀቀን በኋላ የሚመጣው ሕመም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቅዠትና ድንጋጤ ብቻ አይደለም። ያለፈው ነገር በሕልምም በእውንም ሳይጠራ እየተመለሰ ይመጣል፤ ሰውየው ያንን የሚያስታውሱትን ቦታዎች፣ ሰዎችና ወሬዎች ይሸሻል፤ ስሜቱ ይደነዝዛል፣ ራሱን ይወቅሳል፣ ከሚወዳቸው ይርቃል፤ ሰውነቱም አደጋው ገና ያላለፈ ይመስል ሌት ተቀን ዘብ ይቆማል። ይህ ሁሉ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ኑሮውን ሲያውክበት ነው ሐኪም የሕመሙን ስም የሚጠራው። ቅዠቱና ድንጋጤው ለፊልም ይመቻሉ። ሽሽቱና ድንዛዜው ግን የአጭር ልብ ወለድ ሀብት ናቸው፤ የሚታወቁት ሳይነገር በቀረው ነገር ነውና፣ አጭር ልብ ወለድም አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ሳይናገር በሚተወው ነገር ነው።

ኧርነስት ሄሚንግዌይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 ባሳተመው «የወታደር ቤት» ውስጥ ክሬብስ የተባለው ወጣት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚመለሰው ዘግይቶ፣ የአቀባበሉ ሆይ ሆይታ ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ማውራት አይፈልግም። በኋላ ማውራት ሲያምረው ደግሞ ሰሚ ያጣል፤ የከተማው ሰው የባሰ አሰቃቂ ወሬ ሰምቶ ጠግቧል። ለመደመጥ ሲል መዋሸት ይጀምራል፤ ውሸቱ ሌሎች ያዩትንና የሠሩትን ለራሱ ከማድረግ ባያልፍም፣ ከዋሸ በኋላ በእውነት የኖረው ሁሉ ያንገሸግሸዋል። አንድ ጠዋት እናቱ ቁርስ ላይ ተቀምጣ ሥራ ስለመያዝ ትመክረዋለች፤ እርሱ ሳህኑ ላይ እየረጋ ያለውን የአሳማ ሥጋ ስብ ይመለከታል። እናትህን አትወድም ወይ ስትለው አልወድም ይላታል፤ ስታለቅስበት ቃሉን ያጥፋል። ተንበርከክና እንጸልይ ስትለው ይንበረከካል፣ መጸለይ ግን አይሆንለትም።

ያ የረጋ ስብ እኛ በሕክምና መዝገብ ላይ «የስሜት መደንዘዝ» ብለን ከምንጽፈው ይበልጥ ይናገራል። እናቲቱንም ቸኩላችሁ አትፍረዱባት። ልጇን ትወዳለች፤ የምትጠይቀው ግን እርሷን የሚያጽናናትን መልስ ነው፣ ልጁም ሊሰጣት የሚችለው ያንኑ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለች እናት በሕክምና ክፍሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቀምጣለች፤ አባትም፣ ሚስትም ሆና ተቀምጣለች።

ራሱ በ1944 ኖርማንዲ ላይ ከዘመቱት አንዱ የነበረው ጄ. ዲ. ሳሊንጀር በ1950 ያወጣው «ለኤስሜ፣ በፍቅርና በጉስቁልና» የሚለው ታሪክ ደግሞ ሙያችንን የሚነካ ነገር አለበት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ ገና ጀርመን ያለው ሳጅን ኤክስ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ድዱ ይደማል፣ ያነበበውን ዓረፍተ ነገር መልሶ መላልሶ ያነበዋል። አብሮት የዘመተው ወታደር ሥነ ልቦና የምትማረዋ የሴት ጓደኛው ያለችውን ያለ አንዳች ይሉኝታ ይነግረዋል፤ በጦርነት ብቻ እንዲህ የሚሆን ሰው የለም፣ ድሮም ጤነኛ አልነበርክም ማለት ነው። አንባቢ በልጅቱ ይስቃል። እኔ ግን መሳቅ ይከብደኛል፤ የኛ ሙያ ራሱ ለረጅም ጊዜ ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። በ1915 ቻርልስ ማየርስ የተባለው ሐኪም «የመድፍ ድንጋጤ» የሚለውን ስም በ«ላንሴት» የሕክምና መጽሔት ላይ ሲያወጣ፣ ብዙ የጦር አዛዦች ሕመሙን ከፍርሃት ለይተው አያዩትም ነበር፤ በዚያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ ጦር ውስጥ በፈሪነት፣ በመክዳትና በመሳሰለው ጥፋት ከተረሸኑት ወታደሮች ከ300 በላይ የሚሆኑት ምሕረት የተደረገላቸው በ2006 ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ፒቲኤስዲን በሕመሞች መመሪያው ላይ ያሰፈረው ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ድምፃቸውን ካሰሙ በኋላ፣ በ1980 ነው። ሳሊንጀር ከዚያ 30 ዓመት ቀድሞ ስሕተቱን በአንዲት ተማሪ አፍ አስቀምጦት ነበር።

ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅም አስተውሉ። ሳጅኑ ኤስሜ የተባለች ልጅ የላከችለትን፣ ሲንከራተት የቆየ ጥቅል ይፈታል፤ ከደብዳቤው ጋር መስታወቱ የተሰበረ የሟች አባቷን ሰዓት ያገኛል። ከዚያ እንቅልፉ ይመጣል፣ ሌላ ምንም አይሆንም። ይህን ሕመም በቅርብ የማያውቅ ሰው መጨረሻውን ቀዝቃዛ ሊለው ይችላል፤ ለወራት እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር የከረመ ሰውን ያከመ ግን ከዚህ የበለጠ የምሥራች እንደሌለ ያውቃል።

በቲም ኦብራየን በ1990 የታተመ ስብስብ ውስጥ ያለው ኖርማን ቦውከር ከቬትናም ተመልሶ በአባቱ መኪና የትውልድ ከተማውን ሐይቅ ይዞራል፣ ደግሞም ይዞራል፣ 12 ጊዜ። በሐሳቡ ለአባቱ ሊነግረው የሚፈልገው ስላላገኘው ሜዳይና በጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ስለቀረው ጓደኛው ነው፤ አባትየው ቤት ቁጭ ብሎ የቤዝቦል ጨዋታ ያያል። በመኪና ሆኖ ምግብ በሚታዘዝበት ቦታ የማያውቀው ሰው በድምፅ ማጉያው ምን ፈለግህ ሲለው ሊጀምርለት ይቃጣና «ምንም» ብሎ ይተወዋል። በሉዊዝ ኧርድሪክ «ቀዩ መኪና» (1984) ደግሞ ላይማን የተባለው ወጣት፣ ከምርኮ የተመለሰ ወንድሙ ሄንሪ ቴሌቪዥን ፊት እንደ ድንጋይ ተገትሮ ሲውል አይቶ፣ ሁለቱም የሚወዷትን መኪና ሆን ብሎ በመዶሻ ይቀጠቅጣታል፤ ወንድሙ እየጠገነ ከራሱ ጋር ይታረቅ ብሎ ነው። ሄንሪ ለጊዜው ይነቃል፣ መጨረሻው ግን አያምርም። ቢሆንም ስለ ቤተሰብ ሚና ከተጻፈው ሁሉ እንደዚያ መዶሻ የማከብረው የለም፤ ወንድሙን ሳይመክረውና ሳይመረምረው የሚሠራው ነገር ሰጠው።

ብዕር ላነሣችሁት አንድ ነገር ልጨምር። የተመለሰ ወታደርን ሊፈነዳ እንደተቃረበ ቦምብ የሚያሳይ ታሪክ አትጻፉ። አብዛኛው ሕመምተኛ ሌላውን አይጎዳም፤ ብዙ ዘማችም ከነትዝታው በጤና ይኖራል። ደራሲው ፊል ክሌይ ከኢራቅ የተመለሰውን ወታደር ከሚስቱ ጋር ገበያ ሲያወጣው ዓይኑ መንገዱን ሲፈትሽ፣ እጁም አብሮት የሌለውን ጠመንጃ ሲፈልግ ያሳየናል፤ ማንም ላይ ጥይት አይተኮስም፣ አንባቢው ግን ይደክመዋል።

ሌላው ጉድለት ደግሞ ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ ከሕክምና ክፍሉ በር ላይ መቆሙ ነው፤ የሄንሪ ታሪክ በሞት መደምደሙም የደራሲዋ ምርጫ እንጂ የሕመሙ ሕግ አይደለም። ሰቀቀኑን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በጥንቃቄ እየተነጋገሩበት የሚሰጡ ሕክምናዎች፣ እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም ብዙ ሰው ረድተዋል፤ ከዓመታት በኋላ መጀመርም ይቻላል።

ከእናንተ መካከል ከጦርነት የተመለሰ አባት፣ እኅት ወይም ወንድም ያለው ይኖራል። ሰው ገድለህ ታውቃለህ ብላችሁ አትጠይቁ። እንቅልፍህ እንዴት ነው በሉ፤ «ደህና ነኝ» ካለ አትጫኑት፣ ግን ተነሥታችሁም አትሂዱ፤ አብራችሁ የምትሠሩት ሥራ ፈልጉ። ሲናገር አታቋርጡት፣ ለማጽናናትም አትቸኩሉ። መኖር ሰልችቶኛል የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ምስጢር ብላችሁ አትያዙት፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።