ስለ ኬሚካል፣ እርግዝናና ልጆች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ቶክሲኮሎጂ (የመርዝና የኬሚካል ጉዳት ጥናት) ነው የተማርኩት፣ የምችለውን ሁሉ እመልሳለሁ፣ አትፈሩ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናትየው ጤነኛ ከሆነች ፅንሱም ደህና ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ጃፓን ሚናማታ ላይ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ባህር ውስጥ ሲደፋ ኖሮ ሰዉ አሳውን በላ፣ በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በጣም የሚያሳዝነው እነሱ ብዙም ያላመማቸው እናቶች የወለዷቸው ልጆች መራመድና መናገር አቃታቸው። ሜርኩሪው እንግዴ ልጁን አልፎ ይገባል፣ እንደውም በፅንሱ ደም ውስጥ ያለው ከእናትየው ሊበልጥ ይችላል፣ አንጎሉ ደግሞ ገና እየተሰራ ስለሆነ አዋቂን የማይነካ መጠን እሱን ይጎዳዋል። ስለዚህ ስንት ገባ ብቻ ሳይሆን መቼ ገባ ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኛን ወንዶችንስ ይመለከታል?

መልስ፦ በደንብ! እ.ኤ.አ. በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲቢሲፒ የሚባል ፀረ ተባይ የሚያመርቱ ሰራተኞች ሚስቶቻችን አላረግዝ አሉ ብለው ሲመረመሩ የብዙዎቹ የስፐርም (የወንድ ዘር) ቁጥር ወይ በጣም አንሷል ወይ ጭራሽ የለም። ስራውን ሲያቆሙ የተመለሰላቸው አሉ፣ ያልተመለሰላቸውም አሉ። ልጅ ሲዘገይ ሴቷን ብቻ ሀኪም ቤት ማመላለስ ይቅር በቃ።

ጥያቄ፦ ባትሪ ጥገና ነው የምሰራው፣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ትንሽ ልጅም አለን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ የእርሳስ (ባትሪ ውስጥ ያለው፣ ሊድ የሚባለው ብረት) ብናኝ በልብስህና በጫማህ ቤት ይገባል፣ ልጅህ ደግሞ ወለል ላይ እየዳኸ እጁን አፉ ይከታል። እዛው ስራ ቦታ ታጠብ፣ ልብስ ጫማ ቀይር፣ የስራ ልብስህን ለብቻው እጠብ፣ ልጁን ከዛ በኋላ እቀፈው። ቤቱን በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ሶስታችሁም የደም ምርመራ አድርጉ፣ ምክንያቱም እርሳስ ለልጅ ችግር የለውም የሚባል መጠን የለውም፣ ጉዳቱም ትኩረት ማጣትና ትምህርት አለመግባት ሆኖ ዘግይቶ ነው የሚታየው።

ጥያቄ፦ እርሳስ የነካሁት ድሮ ነው፣ አሁን አርግዣለሁ፣ ወጥቶልኛል?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ ላይሆን ይችላል እህቴ። አጥንት ውስጥ ለአስርት ዓመታት ይቀመጥና በእርግዝና ጊዜ ካልሲየም ከአጥንት ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ለሀኪምሽ ንገሪ፣ ካልሲየምና አይረንሽ እንዳይጎድል።

ጥያቄ፦ ጡት ላቁም ታዲያ?

መልስ፦ በራስሽ አታቁሚ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ፕላስቲክስ?

መልስ፦ ትኩስ ምግብ አትጨምሩበት፣ ማይክሮዌቭ ውስጥም አታስገቡት።

ጥያቄ፦ ሰውነት የሚያጥብ ሻይ ይሸጣሉ፣ ይሰራል?

መልስ፦ እርሳስም ሜርኩሪም አያወጣም። መጠኑ ሲበዛ የሚሰጥ መድሃኒት አለ፣ እሱንም ሀኪም ነው የሚያዘው።