ለታፈነ አፍንጫ፦ ባሕር ዛፍ መታጠን ወይስ የጦስኝ ሻይ?

አፍንጫዎ ታፍኖ ሌሊት እንቅልፍ ስለነሳዎት ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ጠይቀውኛል። እርስዎ በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠንም ሆነ የጦስኝ ሻይ መጠጣት ይችላሉ፤ «አብራኝ ትታጠን ወይ?» ብለው የጠየቁላትን የአራት ዓመት ልጅዎን ግን ፈጽሞ አያጥኗት።

ከመኝታ በፊት አንድ እፍኝ የታጠበ ቅጠል በውኃ አፍልተው ድስቱን በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። የእንፋሎቱ ኃይል ጥቂት ሲበርድ ፎጣ ተከናንበው፣ ዓይንዎን ጨፍነውና ፊትዎን ራቅ አድርገው በአፍንጫዎ ይሳቡ፤ ንፍጡ ሲላላም አንዱን ቀዳዳ ይዘው በሌላው በቀስታ ይናፈጡ። ሽታው አፍንጫን የከፈተ ያህል እፎይታ ቢሰጥም ጉንፋን የሚያመጣውን ቫይረስ አይገድልም።

ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ጦስኝ በፈላ ውኃ ዘፍዝፈው፣ መዓዛው እንዳይተን ከድነው ያቆዩትና ከማር ጋር ትኩሱን ይጠጡ። ዝንጅብል ቢጨምሩበት ጉሮሮንም ያሞቃል።

ልጅዎን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው፣ በሠፈራችን አንዲት ሕፃን ስትታጠን ድስቱ ተገልብጦባት ጭኗ ክፉኛ ሲቃጠል ስላየሁ ነው። ለእርሷ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 250 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው በየአፍንጫዋ ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ያድርጉላት። ማርም ይፈቀድላታል፤ የሚከለከለው ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ግን መርዛማ ስለሆነ አያጠጧት፣ አፍንጫዋም ውስጥ አይጨምሩ። ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ ቅጠል ሳይሞክሩ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።